ዘንዶው የተረት፣ ክንዱ የሸሕዲ

የአያ ይግዛውን ሞት የሰማሁት የሰው ሱሪ እየለካሁ ነው። ደንበኛዬ ከሸሕዲ ጎንደር ለሰርግ የመጣ ወጣት የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ ሲያወራ ቆየና፣ ሜትሩን ከወገቡ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ስዘረጋ፣ «እኒያ አዳኙ ሽማግሌ እኮ ዐረፉ» አለኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። አንስቼ እንደገና ለካሁና ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ሱሪው ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን በአራት ጣት አጥሮ ተገኘ። ሰውየው ሰርግ የሄደው በዚያ ሱሪ ነው። ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ የጥፋቱን ግማሽ ግን ለአያ ይግዛው አካፍላቸዋለሁ።

ልጁ ወሬውን ቀጠለ። አያ ይግዛው በአንድ ፍላጻ ሁለት ከርከሮ እንደጣሉ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ነብር በጩኸት ብቻ እንዳባረሩ ነገረኝ። እሱ ሲወለድ እሳቸው አርጅተው ነበር፤ ስለዚህ የሰማውን ነው የሚያወራው። መርፌ በአፌ ይዤ ስለነበር ዝም ማለቴ አላስገረመውም። መርፌው ባይኖርም ዝም እል ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ወደ ጎንደር ሳልመጣ፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ፣ የእኔ የስፌት መኪናና የአያ ይግዛው ሥራ ለሱዳን ጠረፍ ቅርብ በሆነችው ሸሕዲ ውስጥ በአንድ በረንዳ ላይ ነበሩ። አያ ይግዛው አንገረብ ጠፋሪ ናቸው። አንገረብ የምንለው ከሱዳን የመጣውን የገመድ አልጋ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይታሰብ ሰው ሁሉ አንገረቡን ደጅ አውጥቶ ይተኛል፤ ስለዚህ ሥራ ፈተው አያውቁም። ቀጭንና ረጅም ሰው ነበሩ። ገመዱን ወጥረው ሲጨርሱ በአንድ ጣት ነካ ያደርጉትና ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያዳምጡታል። ድምፁ ደስ ካላቸው «ይኸ ያስተኛል» ይላሉ፤ ካልሆነ «ይኸ ገና ነው» ብለው ይፈቱታል። ልማዱ ወደ ሰውም ተሻግሯል። አዲስ ሹም ከተማችን ገብቶ ሰላም ብሏቸው ካለፈ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ገና ነው» ይሉኛል። እስከማስታውሰው ድረስ «ያስተኛል» የተባለ ሹም የለም።

አያ ይግዛው ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ዓመት አጨዳው ሲያልቅ ከጓደኞቻቸው ጋር ሳይመለሱ ቀሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽንፋ በኩል ደጋን በትከሻቸው አንግተው ሸሕዲ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። ደጋኑ ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከተማው በሙሉ «አዳኙ» ይላቸዋል። ከበረንዳችን ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ እናኑ እንኳ ሻይ ሲልኩላቸው አስተናጋጇን «ይኸን ለአዳኙ አድርሽ» ነው የሚሏት።

እንግዲህ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን አቋቋመ። መምህር አንዳርጌ የሚባል፣ ከአማርኛ መምህርነቱ ይልቅ ተረት የሚወድ ሰው፣ ቴአትር ጻፈ። ታሪኩ የሚሆነው ካርታ ላይ በሌለ አገር ነው። ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ምንጩን ይዞ ሕዝቡን ውኃ ከልክሏል፤ አደን ወጥቶ የማያውቅ አንድ ወጣት ደጋን አንሥቶ ሊገድለው ይነሣል። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንዶው ኢምፔሪያሊዝም መሆኑ ከተነገራቸው በኋላ ፈቀዱ። ወጣቱ አዳኝ እኔ ሆንሁ፤ ምክንያቱም የዘንዶውን ጆንያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ስፌቱ ሌላ ደመወዝ አልነበረውም።

መምህር አንዳርጌ ሰውን በገጸ ባሕርይው ውስጥ ያኖራል። በልምምድ ሰዓት በስማችን መጠራራት ክልክል ነው። «በዚያ አገር ቁርስ ምን በላህ? እናትህ ማን ትባላለች?» ብሎ ያፋጥጠናል። ደጋን ያለው ሰው አያ ይግዛው ብቻ ስለነበሩ ደጋናቸውን እንዲያውሱንና እንዲያማክሩን ተጠሩ። መጥተው ከአዳራሹ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እኔ እንግዲህ ወጣሁ። ሸማዬን አደገደግሁ። ደጋኑን ወደ ላይ አንሥቼ «ዘራፍ!» አልሁ። መድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደድሁ አባቴን፣ አያቴን፣ የአያቴን ፈረስ ጠርቼ ፎከርሁ። ከዚያ ደጋኑን ገተርሁና ለቀቅሁት፤ ዘንዶው ወደቀ፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡ።

«ጨረስህ?» አሉ አያ ይግዛው።

«አዎ፣ አያ።»

«ዘንዶውም ጨርሷል። ገና አያትህ ጋ ስትደርስ ተነሥቶ ሂዷል። አሁን ሱዳን ገብቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ ተናድጄ፣ «አያ፣ ይኸ እኮ የተረት አገር ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ። ዘንዶው የተረት ይሁን፤ ክንድህ ግን የሸሕዲ ነው።» ተነሥተው መጡና ግራ ክንዴን ገልብጠው አዩት። «መምህር፣ ይኸ ልጅ አደን ወጥቶ አያውቅም ብለህ ጽፈሃል አይደል? ታዲያ ክንዱ ላይ ምልክት የት አለ? ጀማሪን የማውቀው በዚህ ነው። ሲለቅ ገመዱ ተመልሶ ክንዱን ይገርፈዋል። ሳምንት ሙሉ እንደ ኑግ ጠቁሮ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ‹ምን ሁነህ ነው?› ሲሉት ‹እሾህ ነው› የሚል እሱ ነው ጀማሪ።»

መምህር አንዳርጌ ወዲያው ደብተሩን አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴአትሩ የእሱም የእሳቸውም ሆነ።

እኛ በረሃ ተወልደን ያደግን ሰዎች የምንሠራው ስሕተት ይኸ ነበር፤ ሰው መሣሪያ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚመጣልን ፉከራ ነው። አያ ይግዛው ፉከራውን ከለከሉን። በምትኩ የጀማሪን ሥራ አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። ጀማሪ ሰርግ የተጠራ ይመስል በሳሙና ታጥቦ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ ይወጣል፤ ድኩላው ሽታውን ከማዶ ይሰማዋል። ፍላጻ ያበዛል፤ ኮሮጆው ውስጥ እየተንኳኳ እንደ ቃጭል ያስጠራዋል። ደጋኑን ጉሮሮ እንደሚያንቅ ጨምድዶ ይይዛል። ገትሮ ያቆያል፤ ሲያቆይ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ የሚያየው ፍላጻዋን እንጂ አውሬውን አይደለም። ለቅቆ ከሳተ በኋላ ደግሞ ጥፋቱን የሚሰጠው ለነፋሱ ነው። «ነፋሱን ግን ከመልቀቁ በፊት አልጠየቀውም» ይሉና ከመሬት አፈር ቆንጥረው በቀስታ ያፈሱት ነበር። አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ አብረን እናያለን።

«በእናንተ አገር ነፋስ የለም?» ይሉኛል፣ የመምህሩን ጨዋታ ወደውት።

«አለ፣ አያ።»

«እንዲያውስ ዘንዶው ፊትህ ሲቆም ምን ይመጣብሃል?»

«ጀግንነት።»

«ሽንት ነው የሚመጣብህ። አውሬው ብቅ ሲል የሚመጣው እሱ ነው። መምህር፣ ይኸንም ጻፈው።»

መምህሩ ጻፈው፤ በኋላ ግን ሰረዘው።

ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ልምምድ ሊያዩ መጡ። እኔ በአዲሱ ድርሰት መሠረት ሁለት ጊዜ ዒላማ ስስት አይተው ፊታቸው ጠቆረ። የሰፊው ሕዝብ ልጅ እንዴት ይስታል አሉ። መምህር አንዳርጌ ላብ አጠመቀው። አያ ይግዛው ከጥጋቸው ሳይነሡ፣ «ጓድ ጌታየ» አሏቸው፤ ሁለቱንም ዘመን አንድ ላይ መጥራት ልማዳቸው ነበር፤ «የሰፊው ሕዝብ ልጅ ስለሆነማ ነው የሚስት። የንጉሥ ልጅ ቢሆን ተረት ውስጥ በመጀመሪያው ይመታ ነበር።» ሊቀመንበሩ አሰቡበት። ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ጻፉት። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ነገር በስብሰባ ላይ የራሳቸው አድርገው ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ሥራ ሲቀዘቅዝ አያ ይግዛው ከከተማው ጀርባ ካለው ሜዳ እየወሰዱ እውነተኛውን መግተር ያስተምሩኝ ጀመር። ጀማሪ ለመምሰል መጀመሪያ ጀማሪ መሆን አለብህ አሉ። ጆንያ በሰሊጥ አገዳ ሞልተን በግራር ላይ አንጠለጠልን። ክንዴ ጠቆረ። እትዬ እናኑ «ምን ሁነህ ነው?» ሲሉኝ ሳላስብ «እሾህ ነው» አልኋቸውና አያ ይግዛው ከአንገረባቸው ላይ ሊወድቁ ደረሱ። በዘጠነኛው ቀን ጆንያውን መታሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«አሁን እርስዎ ያሳዩኝ» አልኋቸው። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ሲለቁ አይቻቸው እንደማላውቅ ያሰብሁት ይኸን ካልሁ በኋላ ነው።

ደጋኑን ተቀብለው ገመዱን በጣታቸው ነኩት፤ አዳመጡት። ከዚያ ገተሩ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያዋ ከጆንያው በስተቀኝ አለፈች፤ ሁለተኛዋ ግራሩ ላይ ተሰካች፤ ሦስተኛዋ ወደ ማሽላው እርሻ ገባች። ሦስተኛዋን ስንፈልግ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ካገኘናት በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሳያዩኝ ነገሩኝ።

«ሽንፋ ዳር አንድ ጉሙዝ ወዳጅ ነበረኝ። እሱ ነው አዳኝ። ድኩላ ሲያይ ትንፋሹ አይሰማም። ሦስት ዓመት አስተማረኝ፤ ሦስት ዓመት ሳትሁ። በመጨረሻው፣ ‹እጅህ ገመድ መወጠር ያውቃል፤ መልቀቅ ግን አያውቅም፤ ሂድ፣ አልጋ ሥራ› አለኝና ደጋኑን ለማስታወሻ ሰጠኝ። እንደ ወንድሜ ነው የሸኘኝ።»

«ታዲያ አዳኙ የሚሉዎት?»

«እኔ አላልሁም። እነሱ አሉ። እኔ ዝም አልሁ።» አፈር ቆንጥረው አፈሰሱ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። «ለአጨዳ ስወርድ፣ አንተ ልጅ፣ ስም አልነበረኝም። ‹አንተ ጎጃሜ›፣ ‹አንተ ባለማጭድ› ነበር የምባል። እዚህ ስገባ አዳኝ አሉኝ፤ ሽማግሎች ከመካከላቸው አስቀመጡኝ። ዘመድ የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ይኸ ስም ከወደቀ ምን ይዤ እዚህ እቀመጣለሁ? እነሱ ሳያውቁ ልሙት ብየ ነው።»

እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም። ለማንም እንደማልናገር ማልሁላቸው።

የቴአትሩ ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መድረኩ ገበያው ሜዳ ላይ ተሠራ፤ ከአውራጃ እንግዶች መጡ፤ ከመተማ ዮሐንስ ሳይቀር ሰው በጭነት መኪና መጣ። ጆንያው ዘንዶ ሰባት የቅል ራስ ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል። ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን አደረጉ። ከዚያ ማንም ያልነገራቸውን ነገር ጨመሩ። «ቴአትሩ ከመጀመሩ በፊት» አሉ፣ «የዚህ ሁሉ አስተማሪ የሆኑት እውቁ አዳኛችን በሠላሳ እርምጃ ላይ የተቀመጠውን ቅል በፍላጻ መትተው ለእንግዶቻችን ያሳያሉ።» ቅሉ እውነትም ግንድ ላይ ተቀምጧል። ያስቀመጡት ለእሳቸው ክብር ብለው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም።

አያ ይግዛው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ደጋኑ በእኔ እጅ ነበር፤ አልሰጣቸውም ብዬ አስቤ ነበር፤ ታምመዋል ልል፣ ገመዱ ተበጠሰ ልል። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው።

መሐል ሜዳ ላይ ቆሙና ለረጅም ጊዜ ቅሉን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጀማሪ ነኝ» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ።

«ዘራፍ!» አሉ አያ ይግዛው። አባታቸውን ጠሩ። አያታቸውን ጠሩ። የአያታቸውን በቅሎ ሳይቀር ጠሩ። ደጋኑን አንቀው ያዙ፣ ገተሩ፣ አቆዩ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ለቀቁ። ፍላጻዋ ከሊቀመንበሩ ወንበር ብዙም ሳትርቅ መሬት ላይ ተተከለች። ዞረው ነፋሱን በቁጣ አዩት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛዋን ሳቱ፤ ሦስተኛዋን ሳቱ። ክንዳቸውን ገመዱ ሲገርፋቸው «እሾህ ነው» አሉ። የአውራጃው እንግዳ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ጨርሰው እንዲወጡ እጸልይ ነበር።

ሊቀመንበሩ እየሳቁ፣ «አሁን ደግሞ እውነተኛውን ያሳዩን» አሉ።

አያ ይግዛው ደጋኑን መሬት ላይ አስቀመጡት። «እውነተኛው ይኸው ነው፣ ጓድ ጌታየ» አሉ። «ሌላ የለኝም። አንድም ነገር ገድየ አላውቅም።»

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። እንግዶቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እውነቱን በአደባባይ ተናግሮ እንደዚያ የተጨበጨበለት ሰው በዚያ ዘመን ሌላ አላውቅም። አያ ይግዛው ግን የሚያዩት ጭብጨባውን አልነበረም። ከፊት የተቀመጡት የሸሕዲ ሽማግሎች አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቴአትሩ ቀጠለ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው ዘንዶውን ገደልሁት። አያ ይግዛው ግን ጨርሰው አላዩልኝም፤ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ማታ ደጋኑን ከደጃፋቸው አስቀምጬላቸው ተመለስሁ።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ አጣኋቸው። ግድግዳቸው ባዶ ነው። እየሮጥሁ መኪና መጫኛው ጋ ስደርስ፣ ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄደው የጭነት መኪና አጠገብ ቆመዋል። ዕቃቸው ተጭኗል።

«ሽማግሎቹን አየሃቸው?» አሉኝ። «ገብቷቸዋል። አብርሃ ጅራ የሚያውቀኝ የለም፤ እንደ አዲስ ባለ አልጋ እሆናለሁ።»

እትዬ እናኑ ነጠላቸው እየተጎተተ፣ እያለከለኩ ደረሱ። በጣም ተቆጥተዋል።

«አያ ይግዛው፣ አንገረቤን በግማሽ ጥለው ወዴት ነው? ማታ እኮ መሬት ላይ ነው የተኛሁ።»

«እናኑ፣ ትናንት ሰምተሻል።»

«ምኑን?»

«አዳኝ አለመሆኔን።»

«እሱን ለመስማት ነው ከአውራጃ እንግዳ የተጠራ?» አሉ እትዬ እናኑ። «አሥራ አራት ዓመት ፊት ለፊቴ ሲኖሩ አንዲት ጅግራ አንጠልጥለው ሲገቡ አይቻለሁ? ዓይን የለኝም?»

አያ ይግዛው የመኪናውን ጎን ተደገፉ። «ሽማግሎቹስ?»

«ሽማግሎቹ ያፈሩት በሊቀመንበሩ ነው። ሰውየውን ለምን እንዲህ ያስጨንቋቸዋል ብለው ሲያጉረመርሙ ነው ያመሹ። ከተማው ሁሉ ያውቃል እኮ።»

«ታዲያ አዳኙ ለምን ትሉኛላችሁ?»

እትዬ እናኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ አልመሰላቸውም። «ወፍጮ ቤት ያለው ሌላው ይግዛውስ? ‹ይግዛውን ጥሩልኝ› ባልን ቁጥር እሱ በዱቄት ነጥቶ እየመጣ ተቸገርን። እርስዎ ግድግዳ ላይ ደጋን አየን፤ አዳኙ አልን። ምን እንበል? እገሌ ባለ ገመዱ?»

አያ ይግዛው መሬት ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ጎንበስ አልሁ። እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው ትከሻቸውን እያናወጠው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «አሥራ አራት ዓመት» ይላሉ፤ «አሥራ አራት ዓመት፣ አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ አልተኛሁም እኮ።» እኔም አለቀስሁ፤ የእኔ ሳቅ አልነበረም። እትዬ እናኑ ሁለታችንንም ትተው ከሾፌሩ ጋር ዕቃ ይውረድ አይውረድ ሙግት ጀመሩ።

ረዳቱ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ቆሞ፣ ረጅሙን ነገር ከጭነቱ መሐል መዞ አወጣና ወደ ታች ጮኸ።

«ይኸ ደጋን የማን ነው?»

አያ ይግዛው ከእኔም ከእትዬ እናኑም ቀድመው ቀና አሉ።

«የአዳኙ ነው» አሉ፤ «አውርደው።»